ከከሰላ የመጣው መኪና ባዶውን የተመለሰበት ቀን

የወይዘሮ ተናኘወርቅ አየልኝ የሕይወት ታሪክ
(1941 – 2017 ዓ.ም.)

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። ጸሐፊው የሟች የወንድም ልጅ ጓንጉል ሞላ አየልኝ ነው። አንዲት ቃል ጨምሮ እንደሆነ ምላሱ ይተሳሰር፣ አንዲት ቃል አጉድሎ እንደሆነ የጻፈበት እጁ ይድረቅ ብሎ በአስከሬናቸው ፊት ምሏል። እንዲያውም የቀብር ሰዓት አጭር ነውና ብዙውን ነገር ቀንሶታል። ሙሉው ቢጻፍ በገዳሪፍ ከተማ ያለው ወረቀት አይበቃም ነበር።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከአባታቸው ከግራዝማች አየልኝ ወርቅነህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚት ተሰማ፣ በቀድሞው በጌምድር ጠቅላይ ግዛት በጭልጋ አውራጃ ልዩ ስሙ ዋርካ ውኃ በተባለ ቦታ ጥቅምት 21 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። የአባታቸው የግራዝማችነት ወረቀት በቃጠሎ ጠፍቷል እንጂ ቢገኝ ኖሮ ቀኛዝማች የሚል ነበር። በተወለዱ ዕለት ከቤታቸው ሰባት ላሞች በአንድ ቀን መውለዳቸው ይነገራል። ጸሐፊው አምስቱን አረጋግጧል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአካባቢው ከነበሩ መምህር ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ለመድገም በቅተዋል። ሌላው ልጅ ሁለት ዓመት የሚፈጅበትን እሳቸው በአርባ ቀን ጨርሰውት፣ መምህሩ «ይህችን ልጅ ውሰዱልኝ፤ የማስተምራት አለቀብኝ» ብለው ለግራዝማች ማመልከታቸውን ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከዚያ በላይ እንዳይቀጥሉ ያደረጋቸው ሴት መሆናቸው ብቻ ነው።

በ1970 ዓ.ም. አገሩ በጦርነትና በአሰሳ ሲታመስ በመተማ በኩል ድንበር ተሻግረው ገዳሪፍ ገቡ። መንገዱ በዚያን ጊዜ ለጠንካራ ወንድ አራት ቀን ነበር። እሳቸው በቀን ተኩል ጨርሰውታል፤ ያውም አንዲት ፍየል እየጎተቱ። ፍየሏ ከተማ ስትደርስ ወደቀች፤ እሳቸው በማግስቱ ሥራ ገቡ።

የመጀመሪያ ሥራቸው በእህል ገበያው ሰሊጥ በወንፊት ማበጠር ነበር። ከዚያ ዘመን ወዲህ ከዚህ ከተማ ወደ ውጭ አገር የተጫነው ሰሊጥ ግማሹ በእሳቸው ወንፊት አልፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥቂት ዓመት ቆይተው ወደ ሀዋታ ከተማ የሚሄዱ መኪኖች ከሚነሱበት መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈቱ። ወደ ፋሽጋ እርሻ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ሁሉ ምስርና ፉል በልቶ የሚሄደው ከእሳቸው ዘንድ ነበር። አማራውም፣ ትግሬውም፣ የአገሩ ሰውም እኩል ይጎርስ ነበር። «እዚህ ቤት ሃይማኖትህን አልጠይቅህም፤ ቃሪያ ትወዳለህ ወይ ብቻ ነው የምጠይቅህ» የሚለው ንግግራቸው እስከ ዛሬ በመናኸሪያው ይጠቀሳል።

በ1974 ዓ.ም. የትራክተር መካኒክ ከነበሩት ከአቶ ገብረሊባኖስ ተድላ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ በ1977 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ፣ ኤልሳ ገብረሊባኖስን ወልደዋል። አቶ ገብረሊባኖስ ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ አስደግፈው የሞተርን በሽታ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ሌላ ትዳር አልያዙም። ሃያ ሰባት ሰው ጠይቋቸው ነበር፤ ከነዚህም አንዱ አሥር ትራክተር የነበረው ነው።

አገር ያወቃቸው ግን በሌላ ሥራቸው ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ስለ እምነታቸው አገራቸውን ጥለው የተሰደዱ ክርስቲያኖች በከሰላ በኩል እየተሻገሩ ወደ ካምፕና ወደ ከተማችን ይመጡ ጀመር። በሸሹት መንግሥት ዘንድ በየቤቱ ተሰብስቦ መጸለይ ያሳስራል፤ የታሰረም የት እንደደረሰ ለዘመድ አይነገርም። እዚህ እኛ ዘንድም ያኔ የነበረው መንግሥት ያለ ፈቃድ መሰብሰብን ከልክሎ ነበር። ፈቃድ ሲጠየቅ «ቡክራ» ይባላል። ቡክራ ነገ ማለት ነው፤ ነገ ሲመጣም ያው ቡክራ ነው። በዚህ መካከል ስደተኞቹ ይጸልዩበት የነበረ አንድ ኪራይ ቤት በሩ በሰም ታተመ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ተናኘወርቅ «የእኔ ግቢ በር የለውም፤ ምኑን ያትሙታል?» ብለው የራሳቸውን ግቢ ለጸሎቱ ሰጡ። በርግጥም በሩ ከአንድ ዓመት በፊት ወድቆ ስላልተተካ በር አልነበረውም።

ጸሎቱ በየረቡዑ ነበር። አሠራራቸው እንዲህ ነው። ባሏ፣ ልጇ ወይም ወንድሟ የታሰረባት ሴት ከካምፕም ሆነ ከከሰላ ትመጣና የታሰረባትን ሰው የክርስትና ስም ታስመዘግባለች፤ ለጸሎት የሚመጣውም ሰው የራሱን እንዲሁ ያስመዘግባል። ወይዘሮ ተናኘወርቅ በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ በእጃቸው ይጽፉታል። ጸሎት ሲደረግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበባል። በእኛ ሥርዓት ሰው በጸሎት የሚታሰበው ካህኑ ሲያጠምቀው ባወጣለት ስም ነው። መታወቂያ ላይ ያለው፣ ጎረቤት የሚጠራበት ስም የዓለም ስም ይባላል። ለወይዘሮ ተናኘወርቅ የዓለም ስም ስም አይደለም። «የክርስትና ስም የሌለው ጸሎት አድራሻ እንደሌለው ደብዳቤ ነው፤ ይዞራል እንጂ አይደርስም» ይሉ ነበር።

ከሚጸልዩት መካከል ጴንጤዎችም ነበሩበት። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ልዩነቱን ያውቃሉ፤ ግን ለእስረኛ ሲሆን አያውቁትም። ፊሊጶስ የተባለ አንድ ወጣት ጴንጤ ለደብተሩ ስሙን ሲጠየቅ፦

«እማማ፣ እኔ የክርስትና ስም የለኝም። ፊሊጶስ በቃኝ» አላቸው።

«ፊሊጶስ ሐዋርያው ነው። እሱን ሲጠሩት አንተ አቤት ልትል ነው?»

«እግዚአብሔር ይለየኛል፣ እማማ።»

«ይለይህ እንደሆነ ይለይህ፤ እኔ ግን ደብተሬ እንዲምታታ አልፈልግም። ቁጭ በል። ወልደ ጴጥሮስ ብዬሃለሁ።»

ፊሊጶስም ከዚያን ቀን ጀምሮ ወልደ ጴጥሮስ ሲባል አቤት ይል ነበር።

በየረቡዑ የሚሰበሰበው ሕዝብ ሦስት ሺህ ይደርሳል። ልጃቸው ኤልሳ ይህን ስታነብ «ጓንጉል፣ አንተ ሰውዬ! ግቢያችን እኮ ሠላሳ ሰው ተቀምጦ አይይዝም» ብላ ነበር። ተቀምጦ ማን አለ? ከዚህም በላይ ለኤምባሲዎች፣ ለስደተኞች ጉዳይ ቢሮና ስሙን ለሰሙት መሥሪያ ቤት ሁሉ ደብዳቤ ያስጽፉ ነበር። በአንድ ዓመት ብቻ አሥራ ሁለት ሺህ ደብዳቤ ልከዋል። ፖስታ ቤቱ ቴምብር አልቆበት ከከሰላ ያስመጣ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ኅዳር 1 ቀን 2003 ዓ.ም. ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጸሎቱ ገና ሳያልቅ፣ በሃያ ቦክሲ የተጫነ ወታደር ግቢውን ከበበ። ቦክሲ የምንለው ከኋላው ክፍት የሆነውን ትንሹን የጭነት መኪና ነው። ወታደሮቹ ሴቶቹን ትተው አርባ አንድ ወንዶችን ጭነው ወደ ጸጥታ መሥሪያ ቤቱ ወሰዱ። ፊሊጶስና ሃብቶም የተባለው ግንበኛ ከተያዙት መካከል ነበሩ። የሃብቶም ባለቤት ራሕዋ በዚያ ሰዓት ለራሽን ካምፕ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ያገኘችው የባሏን ጫማ ነው።

በማግስቱ ወሬው ተሰማ። ሰዎቹ ከከሰላ በሚመጣ መኪና ተጭነው ወደ ሸሹት መንግሥት ሊመለሱ ነው። መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ለቅሶ ለተሰበሰበ ሕዝብ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ግማሻችሁ ከዚያው የመጣችሁ ናችሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ተናኘወርቅ የቀራቸው ሥራ አንድ ብቻ ሆነ፤ መኪናው ሳይደርስ ሰዎቹን ማስወጣት።

ምግብ ቤታቸውን ዘግተው፣ ድስታቸውን ተሸክመው፣ ራሕዋ ሰሃን ይዛላቸው በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ይቆሙ ነበር። የበሩ ዘበኛ አብዱ ይባላል። በድንበር አካባቢ ያደገ ስለሆነ አማርኛ ይችላል። ለትልቅ ሴት ሁሉ፣ ክርስቲያንም ብትሆን፣ ሃጃ ይላል።

«ያ ሃጃ፣ ዛሬም መጣሽ?»

«ልጆቼ እዚህ እያሉ የት ልሂድልህ?»

«ስንት ልጅ ነው ያለሽ አንቺ?»

«አርባ አንድ።»

«ማሻላህ! አባታቸው ስንት ናቸው?»

«አንድ ነው። አንተንም የፈጠረህ እሱ ነው። ይልቅ ድስቱን ተቀበለኝ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

አብዱ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ አሸተተ። «ይኼ ለእስረኛ ነው ወይስ ለእኔ ነው?»

«ለሁላችሁም ነው። አንተስ ቢሆን ከዚህ በር መቼ ወጣህና?»

አብዱ ሳቀ፤ ድስቱንም አስገባው። በዚያ ሁሉ ቀን ድስቱ አንድ ጊዜም ሳይገባ አልተመለሰም። ዛሬ የጡረታ ሰው የሆነው አብዱ ትናንት ለለቅሶ መጥቶ ነበር።

ምግቡ ሲገባ በበሩ ትይዩ ባለው የኒም ዛፍ ሥር ጸሎት ይጀመራል። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ደብተራቸውን ገልጠው ስሞቹን ሲያነቡ ከዛፉ ሥር የሚቆመው ሕዝብ እስከ እህል ገበያው ድረስ ይደርስ ነበር። በሦስተኛው ቀን የመሥሪያ ቤቱ ግንብ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። በኖራ ሸፍነውታል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ስንጥቁ ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። በመሥሪያ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ በአረብኛ የሚጽፉ ሰዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ኅዳር 5 ቀን እሑድ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከአንደኛው ፊት ተቀምጠው ደብተራቸውን አወጡና አርባ አንዱንም ስም አስጻፉ። ወልደ ገብርኤል፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ወልደ ጴጥሮስ እያሉ። ልብ በሉ! ያስጻፉት የክርስትና ስማቸውን ነው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሰዎቹን የመዘገበው በዓለም ስማቸው ነው። የዋህ ሰው ይህን ሲሰማ ስህተት ነው ሊል ይችላል። ስህተት አይደለም። ታላቅ የሕግ ስልት ነው። ካርቱም ተምረው የተመለሱ ጠበቆች እንኳ ያላሰቡት ነው።

የአረፋ በዓል መካከል ገብቶ መሥሪያ ቤቱ ለጥቂት ቀን ተዘጋ። ኅዳር 16 ቀን ሐሙስ መልሱ መጣ፤ በማኅተም። «በእነዚህ ስሞች የሚታወቅ ሰው በእኛ ዘንድ የለም» ይላል። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ወረቀቱን ሳሙት፤ አጥፈውም በጉያቸው ከተቱት። የሚጠብቁት እሱን ነበር።

ኅዳር 20 ቀን ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው ከከሰላ ደረሰ። ትልቅ የጭነት መኪና ነው፤ ከላዩ ሸራ፣ ከኋላው ብረት። አርባ አንዱን ሊጭኑ በሩ ሲከፈት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከመኪናው ፊት ሄደው ቆሙ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እሳቸው አልተንቀሳቀሱም። ሞተሩን አስጮኸው። እሳቸው ወረቀቱን ከጉያቸው አውጥተው በኮፈኑ ላይ ዘረጉት። ጫጫታው ሲበዛ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ኮሎኔሉ ራሱ ከቢሮው ወጣ።

«ምንድን ነው ይህ?»

«ያንተው ወረቀት ነው። ማኅተምህን አታውቀውም?»

«በዚህ ስም የሚታወቅ ሰው የለም ይላል።»

«እኔ የምፈልጋቸው እነዚህኑ ነው። አንተ የሉም ብለሃል። የሌለ ሰው እንዴት መኪና ላይ ይወጣል? ከጫንካቸው ማኅተምህ ዋሽቷል። ማኅተምህ ካልዋሸ እነዚህ ሰዎች አንተ ዘንድ የሉም፤ አንተ ዘንድ ከሌሉ ደግሞ እኔ ዘንድ ናቸው። በል እንግዲህ ምረጥ።»

ክርክሩ ሦስት ሰዓት ሙሉ በአረብኛ ተካሄደ። ጸሐፊው በአጠገባቸው ቆሞ ያስተረጉም ነበር፤ በኋላ ግን የእሳቸው አረብኛ ከእሱ በልጦ ስለተገኘ ጃንጥላ ወደ መያዝ ተሸጋገረ። ኮሎኔሉ ወደ ካርቱም ስልክ ደወለ። ካርቱምም «ማኅተሙ የእኛ ከሆነ ምን ይደረጋል? ልቀቋቸው!» አለች። ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ አርባ አንዱም ሰዎች በሁለት ረድፍ ሆነው እየዘመሩ ወጡ። መኪናው ባዶውን ወደ ከሰላ ተመለሰ። ሹፌሩ በሻይ ቤት ተቀምጦ «ሃያ ዓመት ስነዳ መኪናዬ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም» ማለቱን የሰማ ሰው አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናቸው ከቀይ ባሕር እስከ ነጭ ዓባይ ተሰማ። እሳቸው ግን ምግብ ቤታቸውን መልሰው ከፈቱ፤ የረቡዑንም ጸሎት አላቋረጡም። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ ወንዝ ተሻግሮ ወደዚህ ሲጎርፍ፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ድስታቸውን እዚህ ራክሻ በሚባለው ባጃጅ ጭነው እስከ ካምፕ ይሄዱ ነበር። ከመጣው ሕዝብ ግማሹ ምስራቸውን ቀምሷል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የካርቱሙ ጦርነት ሲፈነዳ፣ ከዚያ የሸሹ አራት ቤተሰቦች በግቢያቸው ተጠልለዋል። አራት የሚለው ቁጥር ኤልሳ ያስገባችው ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በስኳርና በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። ሐኪሙ የሦስት ቀን ዕድሜ ሰጥቷቸው ነበር። እሳቸው በራሳቸው ፈቃድ አምስት ወር ጨመሩበት። በአልጋ ላይ ሆነውም ደብተራቸውን ከትራሳቸው ሥር አልለዩትም። ማየት ሲያቅታቸው ራሕዋ ታነብላቸው ነበር። ራሕዋ ከዚያ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በጸሎቱ አብራቸው የቆየች፣ በሕመማቸውም ጊዜ እንደ ልጅ ሆና ያስታመመቻቸው ናት።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ አየልኝ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ልጃቸውን ወይዘሮ ኤልሳ ገብረሊባኖስን፣ የልጅ ልጃቸውን ሸዊትን፣ የወንድማቸውን ልጅ ጓንጉልንና ቁጥሩ የማይታወቅ የጸሎት ልጅ ትተው አልፈዋል። የስንቱን ሰው ስም ይዘው በሩን ሲያንኳኩ የኖሩትን እናታችንን፣ አምላክ ዛሬ በራሳቸው ስም ጠርቶ ያስገባልን። ለቀረነው መጽናናቱን ይስጠን።

ጽሑፉ እዚህ ላይ አብቅቶ ነበር። ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት በድንኳኑ ውስጥ ለቤተሰቡ ሲነበብ ራሕዋ ለለቅሶተኛ የሚቀቀለውን ምስር እየለቀመች ተቀምጣ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወደደው፤ ያለቀሰም ነበር። እሷ ከትሪው ቀና ሳትል፣ በቋንቋዋ ወንድሜ ብላ ጠርታው፣ «ሓወይ ጓንጉል፣ የመኪናውን እንደገና አንብበው» አለች። ተነበበ። ከዚያም ድምፅዋን ሳታነሳ ተናገረች። ጸሐፊው ጽሑፉን እንደገና ሊሠራው አስቦ ነበር። ነገር ግን የፎቶኮፒ ቤቱ ጄኔሬተር እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ይሠራል፤ ቀብሩም ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስለዚህ ያለቀውን ሳይነካ ቃሏን እንደተናገረችው ከሥሩ አስገብቶታል። በድንኳኑ ከነበሩት ኤልሳም ሆነች ሌላ ሰው የተቃወማት የለም።

«መኪናው ባዶውን አልተመለሰም። የታሰሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሃብቶም፣ ፊሊጶስና ጸጋብርሃን። የመጣው ቦክሲም አንድ ነው። በበሩ ላይ እትዬ ተናኝና እኔ ብቻ ነበርን። ሕዝቡ ፈርቶ ነበር፤ አልፈርድበትም። አንተም ሀዋታ ነበርክ፣ ሰሊጥ አጨዳ ላይ። እሷ ከዳቦና ከውኃ በቀር አረብኛ አታውቅም ነበር። ኮሎኔል የሚባልም አላየንም። ያናገረን አብዱ ብቻ ነው።

«የስሙ ነገር ስልት አልነበረም። ስህተት ነበር። በየረቡዑ የምንጠራቸው በዚያ ስም ስለሆነ ሌላ ስም የሚያስፈልግ አልመሰለንም። እኔ ሚስቱ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ወልደ ገብርኤል ብላ ስታስጽፈው ዝም ብዬ አየሁ። የሉም የሚለው ወረቀት ሐሙስ መጣ። ምን ማለት እንደሆነ አልገባንም። ገደሏቸው ብለን ማልቀስ ጀመርን። አብዱ ተቀብሎ አነበበውና ‹እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው? የእናንተ ሰው ሃብቶም አይደለም እንዴ?› አለን። ያን ጊዜ ነው የገባን። ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነው። እሑድ በዓለም ስማቸው አስጽፈን አስገባን። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱ ገና ከበሩ ጠረጴዛ ሳይነሳ መኪናው መጣ።

«ፊሊጶስና ጸጋብርሃን ወባ ይዟቸው ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር። ሃብቶም ጤነኛ ነበር። እሱን ጫኑት። መኪናው ሲወጣ እትዬ ተናኝ በስልሳ ሁለት ዓመቷ ከጎኑ ሮጠች። ከወልደ ገብርኤል በቀር ብላው የማታውቀው ሴትዮ ‹ሃብቶም! ሃብቶም!› እያለች እስከ አስፋልቱ ድረስ ሮጠች። ቀና ብሎ አይቷታል። እኔን አላየኝም፤ እኔ ሰሃኑን ይዤ እበሩ ላይ ቀርቼ ነበር።

«ሁለቱ በሳምንቱ በእሑዱ ወረቀት ወጡ። ወረቀቱ ሠርቷል፤ አንድ ቀን ዘገየ እንጂ። እሷ ይቅር በይኝ አለችኝ። እኔም ይቅር በይኝ አልኳት፤ ጥፋቱ የሁለታችንም ነው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት በየረቡዑ ስሙን ሁለት ጊዜ ትጠራው ነበር፤ አንዴ ለእግዚአብሔር፣ አንዴ ለዘበኛው። በየዓመቱ በኅዳር ማመልከቻ ታስጽፍ ነበር። አሥራ ሁለት ሺህ አይደለም፤ አሥራ አራት ነው። መልስ አልመጣም። ሞቷል ያለንም የለም።

«በእሷ ቀን ይህን ማንሳት አልፈልግም ነበር። ግን ነገ ረቡዕ ነው። ሁሉም ወጡ ብለህ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ካነበብክለት፣ ነገ ማን ስሙን ይጠራዋል? ሃብቶም ገና አልወጣም።»